አሥራ አንድ ቅዳሜ

እውነት መናገር የማይከብደው ሰው፣ አንዷን እውነት ሦስት ቀን ሙሉ ጉሮሮው ላይ ይዞ የዞረው ለምንድን ነው? ይህን እስካሁን የመለሰ የለም፤ እሱም ራሱ የሚያውቀው አይመስልም። በያጁ የሠራው በር ጥቂት እንኳ ቢጣመም፣ ደንበኛው ሳያይ ቀድሞ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ነገ ተመለስ» የሚል ሰው ነበር።

ለማጆቹ «ጋሽ ድፍኑ» ይሉታል፤ ከኋላው ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊትም። ስሙን ያተረፈለት ሣጥን ነው። እሱ ዘንድ አዲስ ለማጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚበይደው በር ወይም መስኮት ሳይሆን፣ ከትርፍራፊ ላሜራ የራሱን የገንዘብ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ከላይ ጠባብ ቀዳዳ አለው፤ ክዳን የለው፣ ቁልፍ የለው። ገንዘቡን የፈለገ በመዶሻና በመሮ፣ በሁሉም ፊት፣ ሰፈር እየሰማ መፈልፈል አለበት።

«ቁልፍ ብሰጣችሁማ እስከ ሰኞም አይቆይ» ይላል። «ይሄ ግን ጩኸቱ ራሱ ያሳፍራችኋል።»

ሌላም ሕግ ነበረው፤ ያስገቡትን መደመር የለም፣ ለሰው መንገርም የለም። ድምሩን ያወቀ ልጅ የጫማ ሱቅ ደጃፍ ላይ መቆም ይጀምራል ባይ ነው። እሱ በሃያ ዓመቱ የትልልቅ መጋዘኖችን ጣራ እየበየደ ጥሩ ገንዘብ ያገኝ ነበር። ግን እጁ ላይ አንድም ቀን አላደረለትም። የመጀመሪያ ልጁ ታማ በሌሊት ሰባት በር አንኳኩቶ ተበድሯል። ከዚያ ወዲህ ነው ይህ የሣጥን ነገር የመጣው።

ከለማጆቹ አንዷን «ትንሿ» ይሏታል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እጇ ግን ከሁሉም የረጋ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ፣ ቅዳሜ ደመወዝ ስትቀበል፣ ሁሌም እኩል ገንዘብ ሣጥኗ ውስጥ ትከት ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ሱቁን የሚዘጋ ሰው ያገለገለ የብየዳ ማሽን ሊሸጥላት ተስማማ። እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚጠብቃት።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ሣጥኔን እፈለፍላለሁ» አለችው። የራሷን ሥራ ልትጀምር ነው።

ረቡዕ ልጆቹ ለምሳ ሲወጡ፣ በያጁ የተሸከመው ቱቦ ጫፉ መደርደሪያውን ነካና የትንሿ ሣጥን ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ጎኑ ተሰነጠቀ፤ የገንዘቡ ጠርዝ ይታያል። ሰው ሳያየው ብሎ ጭምብሉን አወረደና ስንጥቁን ሁለት ቦታ በብየዳ ነካ ነካ አደረገው። ለሠላሳ ዓመት፣ የተከፈተ ብረት ሲያይ እጁ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ጭምብሉን ሲያነሳ በቀዳዳው ቀጭን ጭስ ይወጣል፤ የሚሸተው ወረቀት ነው። እርጥብ ጨርቅ ጠቀጠቀበት። ጭሱ ሲቆም ሣጥኑን መደርደሪያው ላይ መለሰው።

ልተካላት ቢል ስንት? መደመር የከለከለው እሱ፣ መንገር የከለከለው እሱ።

ሌሊቱን ሲገላበጥ ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ወገቤ ነው።»

ሐሙስ ሁለት ጊዜ ትንሿን ጠራት። አንዴ «ጓንትሽን አጥልቂ» አላት፣ አንዴ ደግሞ «ተይው በቃ» አላት። ዓርብ ጭራሽ አልተናገረም። ረጅሙ የሚሉት ቀልደኛ ለማጅ «ጋሽ ድፍኑ፣ ዛሬስ አፍዎንም በይደውት መጡ?» ቢለው እንኳ አልሳቀም።

ቅዳሜ ጠዋት ትንሿ መሮዋን ስፌቱ ላይ ደግና መዶሻ ስታነሳ እጇን ያዛት።

«ቆይ ልጄ። ረቡዕ ወድቆ ተሰንጥቆ ነበር። ገንዘቡ ውስጡ እያለ በየድኩት። ተቃጥሏል።»

«በገንዘብ ላይ?» አለ ረጅሙ። «ኧረ ጋሼ፣ ይሄን እኔ እንኳ አላደርገውም!»

የሳቀለት የለም። ትንሿ ትኩር ብላ አየችው።

«ረቡዕ ለምን አልነገሩኝም?»

«እንጃ ልጄ።»

«ረቡዕ ቢነግሩኝ እኮ ሰውዬውን ለምኜ ቀን አስጨምር ነበር!»

እጇን ለቀቀ። እሷ ፈለፈለችው። ከላይ ያለው ጥቁር አመድ ነው፤ ከሥር ያለው ደህና ነው። ከቦርሳዋ ትንሽ ደብተር አወጣች።

«ሕግዎን ጥሻለሁ ጋሼ። ቅዳሜ ቅዳሜ እጽፍ ነበር።»

ስልሳ ሁለት ቅዳሜ ተጽፏል። ቆጠሩ፤ የሃምሳ አንዱ ተገኘ። የአሥራ አንዱ የለም።

«እንኳን ጣስሽ» አለ በያጁ ቀስ ብሎ። ደብተሩ ባይኖር፣ ስንት እንዳጠፋባት ሳያውቅ ሊሞት ነበር።

ሻጩ ጋ ደወለች። የቀረውን በየሳምንቱ ልክፈል ብትለው «እህቴ፣ ሌላ ሰው ሙሉውን ይዞ አጠገቤ ቆሟል» ብሎ ዘጋው። ማሽኑ እንዲህ ሄደ።

«ሰኞ ተበድሬ ሁሉንም…» ሲል አቋረጠችው።

«አይበደሩ። በየቅዳሜው ይስጡኝ፤ አሥራ አንድ ቅዳሜ። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

ፈረመ። የመጀመሪያዋን እዚያው ቆጥሮ ሰጣት፤ እሷም አሥር ቀሪ ብላ ጻፈች። ከዚያ ገንዘቧን በጨርቅ ጠቅልላ ባንክ ሳይዘጋ ልትደርስ ወጣች። ረጅሙ የራሱን ሣጥን ከመደርደሪያው አውርዶ ዙሪያውን ያገላብጣል።

«ጋሼ፣ የኔስ አልወደቀም አይደል?»

«አልወደቀም። አንተም ግን ደብተር ግዛ።»

ቤቱ ሲደርስ ለሚስቱ አንድ ሳያስቀር ነገራት። እሷ ጣቶቿን አጥፋ ቆጠረች።

«ስለዚህ አሥር ሳምንት ጠበቅ ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ይሁና። አንተ ሰውዬ ግን፣ ረቡዕ ለኔ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ጋደም እንዳለ፣ የጎረቤት ልጆች ኳሳቸውን ከግድግዳው ጋር እያላተሙ ሲንጫጩ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ሦስት ሌሊት የራቀው እንቅልፍ ወሰደው።