ያላማጠች አራስ

«ሳታምጪ ወልደሽ እናት ነኝ ልትዪኝ ነው?»

እንዲህ ያሉኝ የባሌ እናት ናቸው። ከሆስፒታል ወጥቼ ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለው ቤታችን የገባሁ ዕለት፣ ልጄን ታቅፈው አልጋው ጫፍ ላይ ቆመው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። እኔ ጎንበስ ማለት ስላቃተኝ ባሌ ተንበርክኮ ካልሲዬን እያወለቀልኝ ነበር። ቀና ብሎ አላየንም። አንዱን እግር ጨርሶ ወደ ሌላው ሄደ።

«ታዲያ እማማ፣ ከገበያ ገዛኋት?» አልኳቸው።

አልሳቁም። ልጅቷን አጠገቤ አስተኙና ወደ ኩሽና ገቡ።

ኦፕራሲዮኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሐኪም አላዘዘኝም፣ ልጅቷም አልተጣመመችም፣ ደም ግፊትም የለብኝም። ፈርቼ ነው። ታላቅ እህቴ ስታምጥ እጇን ይዣት ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር፤ እናታችን ስለሞተች ሌላ የሚይዛት አልነበረም። «ትንሽ ታገሺ፣ ደርሷል» ይሏታል፤ ይመሻል፣ ይነጋል፣ አሁንም «ደርሷል» ነው። በመጨረሻ ልጁ ሞቶ ወጣ። እሷ ተረፈች፤ ግን ሽንቷን መቆጣጠር ተሳናት፤ ሰው ቤት ሄዳ መቀመጥ ተወች፤ ባሏም ተዋት። ያንን ሁሉ ያየሁትን እኔን፣ «ተፈጥሮ ነው» እያሉ ሊያሳምኑኝ ይሞክራሉ።

ሐኪሙ አስረድቶኛል። ጤነኛ ነሽ፣ ለምን በምጥ አትሞክሪም አለኝ። ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ የሚቀጥለው እርግዝናሽም ጥንቃቄ ይፈልጋል አለኝ።

«ሰምቻለሁ ዶክተር» አልኩት። «ይቅደዱኝ።»

አብሮኝ የገባው ባሌ ዞር ብሎ አየኝ። ሐኪሙ ሳቀና ቀን ቆረጠልን።

አማቴ የመጡት ከሰሜን ሸዋ ገጠር ነው፤ መውለጃዬ ሲቃረብ፣ ሊያርሱኝ። ቅቤ በማሰሮ፣ የገንፎ ዱቄት በከረጢት ይዘው። ቀን እንደተቆረጠ ሲሰሙ ማሰሮውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«ለልጅ ቀን ይቆረጥለታል እንዴ? የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነው?»

ነገሩ እዚህ ቤት ውስጥ ቀልድም ጭምር ነው። ባሌ የሚሠራው ፍርድ ቤቱ አካባቢ ነው፤ ኮምፒውተሩን ይዞ ለባለጉዳይ አቤቱታ ይጽፋል። የሰው በደል አቀናብሮ መጻፍ ያውቅበታል። ያን ቀን ግን «እማዬ፣ ሐኪም ነው ያለው» ብሎ ዋሸ። ውሸቱ ግን አልቆየም፤ አንድ ምሽት አፌ አላርፍ ብሎኝ ራሴው ነገርኳቸው።

ሳያነጋግሩኝ ሰነበቱ። ሥራ ግን አልተዉም፤ ልብሴን ያጥባሉ፣ ወለል ላይ ይተኛሉ፣ ምግብ ያቀርባሉ። ብዙ ወልደው ብዙ የቀበሩ ሴት ናቸው፤ ሁሉንም ቤታቸው፣ ሁሉንም በምጥ። እኔ ቀጠሮ ይዤ ለመውለድ መነሳቴ እሳቸው ያን ሁሉ ዓመት የተሸከሙትን እንደመናቅ ሆነባቸው መሰለኝ።

ኦፕራሲዮኑን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ክፍሉ ይበርዳል። ወገቤ ላይ መርፌ ወጉኝና እግሮቼ የሌላ ሰው ሆኑ። ሕመም የለም፤ ግን ሻንጣ ውስጥ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ሆዴን ሲበረብሩት ይታወቀኛል። ሐኪሞቹ ስለ መንገድ መዘጋጋት ያወራሉ። ከዚያ ልጄ ጮኸች። ሴት ናት አሉኝ። አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

መርፌው ሲለቀኝ የሚሆነውን አስቀድሞ ማንም በደንብ አልነገረኝም። ለመሳል ትራስ ሆዴ ላይ መጫን፣ ከአልጋ ለመነሳት ላብ በላብ መሆን፣ ማስነጠስን እንደ ጅብ መፍራት። ከሆስፒታል ስወጣ ነርሷ ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ፦ ቁስሉ ደረቅ ይሁን፣ ምንም እንዳትቀቢው፣ በጨርቅ አጥብቀሽ እንዳታስሪው፣ ካተኮሰሽ ወይም ፈሳሽ ካየሽ ቶሎ ነይ።

ጎረቤት ሊጠይቀኝ መጣ። ገንፎው ቀረበ። የሚገባው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይለኛል። አማቴ ብቻ አላሉኝም። አንዷ ሴት ደግማ ስትለኝ ገንፎውን እያማሰሉ፣

«ማርያም ምኗን ትማራት እቴ! እሷ መች ጠራቻትና። የማራት ሐኪሙ ነው» አሉ።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ስፌቱን ሳበው፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሰው ምጥ ላይ ያለች ሴት ስትጣራ ሰምቶ «ማረችሽ» ይላል፤ እኔ አልተጣራሁም፣ ስለዚህ አልተማርኩም። ለእሳቸው ሂሳቡ ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ከዚያች ቃል ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። እናት የለኝም፤ ከአፋቸው ብትወጣልኝ ብዬ ጠበቅሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት መቀነታቸውን ፈትተው መጡ።

«ሆድሽ ክፍት ሆኖ ሊቀር ነው። ንፋስ ይገባዋል። ይታሰር።»

«ነርሷ እንዳይታሰር ብላለች እማማ።»

«ነርሷ ስንት ወልዳለች?»

ቅቤውን ለብ አድርገው አመጡ። ሸካራ እጃቸው ሆዴ ላይ ሲያርፍ ገር ነበር፤ ከመጡ ጀምሮ እንደዚያ ነክተውኝ አያውቁም። ፋሻውን ገለጥ አድርገው ቁስሉን ጭምር ቀቡት። ከዚያ መቀነቱን ዙሪያዬን ጠምጥመው፣ ጉልበታቸውን ጎኔ ላይ ተክለው ሳቡት። ዓይኔ ጨለመ። «እሰይ! በይ አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። ልጄ። እንዲቀጥሉ ተውኳቸው። በየጠዋቱ ይቀቡኛል፣ በየጠዋቱ ያስሩኛል፣ በየጠዋቱ ልጄ ይሉኛል።

ትኩሳቱ ሲጀምረኝ «ወተቱ ሲሞላ ነው» አሉ። ብርድ ብርድ ሲለኝ «ምች ነው፣ በር ከፍተሽ ነው» አሉ። ባሌ ጠበል አመጣልኝ፤ ጠጣሁ። ጠበሉ ምን በደለኝ።

ከታች ፎቅ ያለች ጎረቤታችን፣ ሱቅ ያላት፣ የልጅ ልብስ ይዛ ስትመጣ ነው የነቃሁት። ገና ሳትቀመጥ አፍንጫዋን ያዝ አደረገች።

«ምንድነው የሚሸተው?»

«ቅቤ ነው» አሉ አማቴ።

ጎረቤቴ ልጄን የምትስም መስላ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። «እኔ ቅቤ እሸጣለሁ። ይሄ ቅቤ አይደለም። ፍቺውና እይው።»

ሽንት ቤት ገብቼ ፈታሁት። መቀነቱ ሆዴ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ሲላቀቅ መግል ይዞ መጣ። የስፌቱ አንደኛው ጫፍ ተከፍቷል። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

ወጥቼ አሳየኋቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ፤ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። የፈሩ መሰለኝ። ወዲያው ግን፣ «ይውጣ። ክፉው እየወጣልሽ ነው» አሉና መቀነቱን ይዘው ሊያጥቡ ሄዱ።

ማታ ባሌ ሲገባ ሆስፒታል ውሰደኝ አልኩት። እናቱ ከኩሽና፣ «ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ይዛ፣ አራስ፣ በዚህ ምሽት!» አሉ። እሱም «ነገ ነርስ ይዤልሽ እመጣለሁ» አለ። በነጋው ባዶ እጁን መጣ፤ ባለጉዳይ በዝቶበት ነበር። በማግስቱም ነገ አለኝ። እንቅልፍ ሲወስደኝ እህቴን አያታለሁ። «ደርሷል» ይሏታል።

አንድ ጠዋት ልጄን ለማጥባት ስነሳ ክንዴ ዛለና ከጭኔ ላይ ልትንሸራተት ምንም አልቀራትም። በክርኔ ያዝኳት። ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቅሁም። ቀሚሴን አጠለቅሁ፣ የሆስፒታሉን ካርድ ያዝኩ። ባሌ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ወዴት ነው?»

«ሆስፒታል።»

«ትንሽ ጠብቂ፣ ከሰዓት አብረን እንሄዳለን። ጠዋት የቀጠርኳቸው ሰዎች አሉ።»

«ሂድላቸው።»

«እማዬን አታስቀይሚያት በናትሽ። ያለሷ ማን አለሽ?»

አማቴ በሩ ጋ ደርሰዋል። ክንዳቸውን በበሩ ላይ ዘረጉ። ትንሽ ሴት ናቸው፤ ትከሻዬ ጋ ነው የሚደርሱት።

«አራስ ከቤት አይወጣም» አሉኝ።

«ሬሳስ እማማ? ይወጣል?»

«ኧረ በስመአብ! አንቺ ልጅ፣ ምን አፍ ነው የሰጠሽ?»

«ይለፉኝ።»

«እኔ እኮ ላድንሽ ነው» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «በኔ እጅ ስንቱ ታርሶ ተነስቷል። ለክፋት መስሎሽ ነው?»

«አይደለም። አውቃለሁ። ይለፉኝ።»

ባሌን አዩት። እሱ ብርጭቆውን ያያል። ክንዳቸውን ቀስ ብለው አወረዱ፤ ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ልጄ ዘረጉ።

«እሷን እንኳ ተይልኝ። ፀሐይ እንዳያያት።»

«ጡቱ የሚሄደው ከኔ ጋር ነው።»

ነጠላዬን በልጄ ፊት ላይ መለስኩና በሩን ከፈትኩ። ባሌ ከኋላዬ ስሜን ጠራ። አንድ እጄን ስፌቱ ላይ ተጭኜ፣ በሌላው ልጄን አቅፌ ደረጃውን መውረድ ጀመርኩ። ጎረቤቴ ሱቋን እየከፈተች ነበር፤ አየችኝና ቁልፉን በሩ ላይ ትታ ታክሲ ልታስቆምልኝ ወደ አስፋልቱ ሮጠች። ተከትያት ወጣሁ።