የምንገባው ገና ነው

እንግልውድ የምኖርበት ሕንጻ ሰሞኑን ኮሪደሩን ቀለም እያስቀባ ነው። ሌሎቹ ተከራዮች አፍንጫቸውን ይዘው ያልፋሉ፤ እኔ ግን ቆም ብዬ አሸታለሁ፣ ጎረቤቶቼም ሳይታዘቡኝ አልቀሩም። ምን ላድርግ፣ የትኩስ ቀለም ሽታ ለእኔ የቤተ ክርስቲያን ሽታ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን የተወለደችው ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ በነበረው አፓርታማችን ሳሎን ውስጥ ነው። እሑድ በመጣ ቁጥር አባቴና ኤርፖርት ሻትል የሚነዱት የጉባኤው ሽማግሌ አቶ ደሳለኝ ሶፋውን ተሸክመው በረንዳ ያወጡታል፤ የእንግዳው ኮት ሁሉ የወላጆቼ አልጋ ላይ ይከመርና እኛ ልጆች ክምሩ ላይ እንሰፍራለን። ዝማሬው ሲግል ከበላያችን ያለው ጎረቤት ወለሉን ይደበድባል፣ እናቴም «ከበሮ እንኳ አልጎደለብንም» ትል ነበር። ሰዉ ሲበዛ ሽማግሌ ፈረንጆች የሚያመልኩበት አንድ አዳራሽ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተፈቀደልን። በሰው ቤት ነበርንና ልጆቹ ሮጡ፣ ምንጣፉ ላይ ጁስ ደፉ እንዳይባል የእናቶቻችን ዓይን እኛ ላይ እንደተተከለ ያመሻል፤ ስብከቱን ማን እንደሰማው እንጃ።

አንድ መከር ላይ አዳራሹ ሊሸጥ ነው፣ በዓመቱ መጨረሻ ልቀቁ ተባልን። ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ቀድሞ የምንጣፍ ሱቅ የነበረ ባዶ ቤት ተከራየን፤ ግን የከተማው ኢንስፔክተር አይቶ ካልፈቀደ መግባት አይቻልም፣ የእድሳት ሥራውም ምኑም አልተነካም ነበር። ሳሎናችን ከእንግዲህ አይበቃንም፤ ብርዱ እየመጣ ነው፤ ቤት አልባ ሆነን ልንበተን እንደምንችል እኛ ልጆቹም ገብቶናል።

አቶ ደሳለኝ ልጆች አማርኛ እንዳይረሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ያስጠኑን ነበር፣ እሑድ ደግሞ አንዱን ልጅ ማስታወቂያ ያስነብባሉ። የዚያን እሑድ ተራው ኦሮራ የተወለደችው የታናሽ እኅቴ የሃና ነበር። ሃና ፊደሉን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች። ይሁን እንጂ የትኛው ቃል ጠብቆ፣ የትኛው ላልቶ እንደሚነበብ ፊደሉ አይናገርም፤ እሱ የሚገኘው ከእናት አፍ ነው፣ ሃና ደግሞ ለእናታችን የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነበር። አቶ ደሳለኝ «ወደ አዲሱ ቤት የምንገባው ገና ነው፣ በጸሎት አስቡን» ብለው ጽፈዋል፤ ብዙ ይቀረናል ማለታቸው ነው። ሃና «ገና»ን ጥብቅ አድርጋ፣ እንደ በዓሉ አነበበችው።

ከመዘምራኑ ጥግ እልልታው ቀለጠ። ሰው ተቃቀፈ፣ እናቴ አለቀሰች። አማርኛዋ ይህን ያህል ሰው አስደስቶ የማያውቅ ሃና ማይኩን እንደያዘች በፈገግታ ተጥለቀለቀች። አቶ ደሳለኝ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፣ ሕዝቡን አዩ፣ ሃናን አዩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። በኋላ አባቴ «ይታረም እንጂ» ቢላቸው፣ «ልጅቷ አንብባለች፣ ጉባኤው አሜን ብሏል። አሁን እኔ ተነሥቼ ገናን ላላላላቸው ነው?» አሉት። ብዙው ሰው ስሕተቱን እንደነቃበት ቆይቶ ገባኝ፤ የሚያርመው ግን ጠፋ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ታክሲ ነጂው፣ ነርስ ረዳቷ፣ የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባዩ ሁሉ ከሥራ መልስ የዩኒፎርም እጅጌውን ሰብስቦ አሮጌ ምንጣፍ ይልጣል፣ ግድግዳ ይፍቃል። በሕይወቱ ብሩሽ ጨብጦ የማያውቀው አባቴ ከግድግዳው ይልቅ ጫማውን ቀባ። ነጭ ቀለም ግዙ የተባሉት ሁለት ወንድሞች ሁለት ዓይነት ነጭ ይዘው መጡና ግራና ቀኙ ሳይገጥም ቀረ፤ ያን ዓመት ጉባኤው ለሁለት የተከፈለው በዚህ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ኢንስፔክተሩ መጣ፣ የመውጫው በር ምልክት መብራት የለውም አለ፣ ከአዲሱ ዓመት በኋላ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። በፈረንጆቹ ገና ቀን በተቆለፈው ቤት ደጅ፣ በረዶው ላይ ቆመን ጸለይን። ሃና ግን በእናቴ መኪና ውስጥ ተደብቃ ታለቅሳለች፤ ያነበበችው ስሕተት መሆኑን አንዱ ልጅ ነግሯታል።

«ሜስ አፕ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ አማርኛ አላነብም፣ አይም ዳን» ትላለች።

አቶ ደሳለኝ በመስኮቱ አጎንብሰው፣ «ማነው ገና አለፈ ያለሽ? ያለፈው የፈረንጁ ነው። አንቺ ያነበብሽው በአማርኛ አይደለም እንዴ?» አሏት።

ሃና ልቅሶዋን አቋርጣ አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩላት። ኢንስፔክተሩ የእኛ ገና ዋዜማ ላይ ተመልሶ ፈረመ። በማግስቱ የሥራ ቀን ቢሆንም ሰው ሁሉ ፈቃድ ወስዶ መጣ፤ ገና ያልደረቀው ቀለም የስንቱን የበዓል ልብስ ጀርባ አነጣው። ማስታወቂያውን ያነበበችው ሃና ነበረች። ጠብቆ በሚነበበው ፊደል ላይ ሁሉ አቶ ደሳለኝ ቀይ ነጥብ አድርገውላት ስለነበር፣ ነጥቡን ባየች ቁጥር ስቶፕ ሳይን እንዳየ ሹፌር ትቆማለች፤ እኛም በትዕግሥት እንጠብቃታለን። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

አቶ ደሳለኝ ካረፉ ዓመታት አለፉ። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል የምታስጠናው ሃና ናት። ቤቱ የጎረቤቱን ሱቅ ጨምሮ ሰፍቷል፣ ማስታወቂያው በስክሪን ይታያል፣ ለልጆቹ የእንግሊዝኛ ፕሮግራም አለ። ያኔ አንድ ሰው ከቀረ አባቴ ከቡራኬው በፊት ወጥቶ ይደውልለት ነበር። እኔ የሆስፒታል ሥራዬ እሑድ እሑድ ሆኖብኝ ወራት ስቀር፣ ከእኅቴ በቀር የደወለልኝ የለም። ማንንም አልወቅስም፤ «ጌታ ሆይ፣ ቤቱን በማናውቀው ሰው ሙላው» ብለን የጸለይነው እኛው ነን።

ባለፈው እሑድ ተሳክቶልኝ ሄድኩ። በሩ ላይ የቆመችው ወጣት አስተናጋጅ እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ እንግዳ ነዎት?» አለችኝ። ማን እንደሆንኩ ልነግራት አሰብኩ፤ ከኋላዬ ግን ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። «አዎ» አልኳት። ወስዳ ከፊት አስቀመጠችኝ፤ እንግዶች ተነሡ ሲባልም ተነሣሁ፣ ሕዝቡም ሞቅ አድርጎ አጨበጨበልኝ።