በያጁ ያልበየዱበት ረቡዕ

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ተቀምጠን ሳለ መብራቱ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ። ማንም ቀና ብሎ እንኳ አላየም። እኔ ግን ሳላስበው የጠረጴዛዬን ጠርዝ ጨብጬ ተገኘሁ፤ በልቤም «ጋሼ ጀመሩ» ብዬ ፈገግ አልኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ «ምን ያስቅሻል?» ብትለኝ «ምንም» ብዬ አለፍኳት። ለእሷ ማስረዳቱ ይረዝም ነበር። ከአንቺ ጋር ግን ጊዜ አለን፤ ልንገርሽ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ኮልፌ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ከእናቴና ከሁለት ታናናሽ እህቶቼ ጋር እኖር ነበር። በመንገዱ በኩል ያለችው ክፍል የበያጁ ናት፤ በርና መስኮት ይሠሩባታል። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚሰማው የብረት መዝጊያቸው ሲጎተት ነው፤ ቀጥሎ ሳላቸው፤ ቀጥሎ ያ ዝዝዝ የሚለው ድምፅ፤ ከዚያ በቆርቆሮው ስንጥቅ የገባው ሰማያዊ ብርሃን ግድግዳችን ላይ ይጨፍራል። የተቃጠለ ብረት ሽታ ቁም ሳጥናችን ውስጥ ድረስ ነበር። የበያጁ ማሽን በተነሳ ቁጥር የግቢው አምፖል ሁሉ ይደክማል። አምፖሉስ ይመለሳል፤ የእኔ ኮምፒውተር ግን ድርግም ይልና ጭራሽ ይጠፋል።

ኮምፒውተር ስልሽ አሁን ያለውን እንዳታስቢ። ሳጥኑ የሙሽራ ሻንጣ ያህላል፣ ድምፁ የወፍጮ ቤት ነው። ሰው ሁሉ ከተወው ከስንት ዓመት በኋላ አጎቴ ከሆነ ቦታ አምጥቶ የሰጠኝ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ በምፈልግበት በዚያ ዓመት የእኔ የምለው ንብረት እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን በስልኬ ኢንተርኔት ላይ ስዞር «የድሮ ማሽን ያላችሁ እባካችሁ ሞክሩልን፤ እኛ ጋ የቀረ የለም» የሚል መልእክት አነበብኩ። የጻፉት ኮምፓይለር የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም ነው፤ አስተርጓሚ በይው። የዚህኛው ኮድ ለማንም ክፍት ስለነበር ከየአገሩ ያሉ ሰዎች በፈቃዳቸው ያሻሽሉታል። አንዱ ያሻሻላትን ቁራጭ «ፓች» ብሎ በኢሜይል ይልካል፤ ሌሎቹ መስመር በመስመር ያነቧታል፣ ማሽናቸው ላይ ይሞክሯታል፣ ከዚያ «ትግባ» ወይም «አትግባ» ይላሉ። ማጣቴ እንደ ሙያ ሲፈለግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «እኔ አለኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ እሑድ የእኔ ቀን ሆነ። በያጁ እሑድ አይሠሩም። ማታ እንዳልሞክር ደግሞ እናቴ «ይህን ወፍጮ አጥፊልኝ፤ አራታችንም እዚሁ ነው የምንተኛው» ትለኛለች። እሑድ እሑድ ከአስኮ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ በታክሲ ትመጣና አልጋው ላይ እግራችንን አጣጥፈን ፓች እናነባለን። እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ በየመስመሩ «ለምን?» እላለሁ። መልስ ካጣንለት ለባለቤቱ እንጽፍለታለን። እናቴ ኮልፌ ገበያ ቅመም ትሸጥ ነበርና ሰዎች «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲሏት ግራ ገብቷት «ፈተና ታርማለች» ትል ጀመር። ግማሹ ገበያ አስተማሪ ነኝ ብሎ ያምን ነበር።

አንድ እሑድ ታዲያ ከአንድ ትልቅ ሰው ፓች መጣ። ኮምፓይለሩን ከጀመሩት አንዱ ነው፤ ስሙን ስናይ እንኳ ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር። ፓቹ ፕሮግራሞችን ያፈጥናል ተብሏል፤ የሞከሩት ሁሉ «ይሠራል» ብለዋል። እኛ ጋ ግን ከዚያ ሁሉ ሙከራ አንዷ ወደቀች። ባለ ነጥብ ቁጥሮች የምትደምር ሚጢጢ ፕሮግራም ናት፤ የመልሷ የመጨረሻ አሃዝ ሰባት መሆን ሲገባው ስምንት ሆኖ ወጣ።

ጓደኛዬ «አንዲት አሃዝ ናት፤ ብናልፋትስ?» አለች።

«የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ ሰው በዚህ ቢጠቀምስ?» አልኳት።

ወደ ስክሪኑ ተጠግታ አሃዟን ደግማ አየች። ከዚያ «እሺ፣ አንቺ ተናገሪ፤ እንግሊዝኛውን እኔ አሳምረዋለሁ» ብላ ቁልፎቹን ወደ ራሷ ሳበች።

መልሱ ሰኞ ደረሰ። ሰውየው በትሕትና ነው የጻፈው፤ ትሕትናው ግን ከስድብ ባሰኝ። የአሮጌ ማሽን ሚሞሪ ሲያረጅ እንዲህ ይዋሻል፤ ስሕተቱ በሌላ ማሽን ላይም ካልታየ ሐሙስ ፓቹን አስገባዋለሁ፤ አዲሱ ኮምፓይለር ቅዳሜ ይወጣልና መጠበቅ አልችልም ይላል። ሚሞሪውን ነቅዬ ጥርሶቹን በላጲስ አሸሁ፣ መልሼ ሰካሁ፣ ሞከርኩ። ስምንት። ደግሜ ሞከርኩ። ስምንት። ልክ እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ ግን አንድ ምስክር ምስክር አይደለም።

ጓደኛዬ አባቷ አስኮ ላይ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ነበራቸው። እዚያ ጓዳ ውስጥ አቧራ የጠጣ፣ የእኔኑ የሚመስል ማሽን ተቀምጧል። ማክሰኞ ሄደን አባቷን ለመንናቸው፤ «ከሠራማ ውሰዱት፤ አይጥ ሲያድርበት ነው የከረመው» አሉን። በነጠላ ጠቅልለን ታክሲ ውስጥ በመሃላችን አስቀመጥነው። ረዳቱ አይቶ «ይሄ ተሳፋሪ ነው ወይስ ዕቃ?» አለ። ጓደኛዬ ፊቷን ሳትቀይር «በሽተኛ ነው፤ ለምርመራ እየወሰድነው ነው» አለችው። ከኋላችን የተቀመጡ እናት ከልባቸው «እግዜር ይማረው» አሉ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኛ እስከ ኮልፌ ድረስ መሳቅ ማቆም አቅቶን ነበር።

ችግሩ ረቡዕ ነበር። ከአስኮ ያመጣነው ማሽን ላይ ኮምፓይለሩን ከነፓቹ ከመጀመሪያው ገንብቶ ሙከራውን ማስሮጥ ስምንት ሰዓት ይፈጃል። መሃል ላይ ቢቋረጥና ብንቀጥለው ውጤቱን ማንም አያምነንም። ያለን ደግሞ ያ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ቀኑም የሥራ ቀን።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ወደ በያጁ ሄድኩ። ሞርሳው ላይ የታሰረ ብረት በሊማ እየሞረዱ ነበር። እንዴት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

«ምነው ልጄ፣ በራችሁ ተሰበረ?»

«አይ ጋሼ። ነገ... እንዳይበይዱ ልለምንዎት ነበር።»

ሊማውን አስቀመጡት። «ሙሉ ቀን?»

«ከሁለት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ አሃዟ፣ ስለ ሰውየው፣ ስለ ሐሙስ። ምን ያህል እንደገባቸው እንጃ። ብቻ ስጨርስ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው።

«ሰውየው ከአንቺ ያውቃል?»

«በጣም ነው የሚያውቀው።»

«አንቺስ ያየሽውን አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው አሳዪው» አሉ። «እኔ የሃያ ዓመት በያጅ ነኝ። ብረቱ ያልያዘ እንደሆነ ትናንት ሙያ የጀመረ ልጅ ቢነግረኝም ፈትቼ ነው የምሠራው። ነገ ቀለም እቀባለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ላይ አስጀመርነው። ጥቁሩ መስኮት ላይ ነጫጭ ፊደላት ወደ ላይ ይጎርፉ ጀመር። ግቢው እንዲያ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም፤ ጎረቤት ያለ ዶሮ እንኳ እንዲህ እንደሚጮህ ያን ቀን ነው የሰማሁት። በተቃጠለው ብረት ፋንታ የፀረ ዝገት ቀለም ሽታ መጣ። በያጁ በየሰዓቱ ብሩሻቸውን እንደያዙ በራችን ላይ ብቅ ብለው «አለ?» ይሉናል። «አለ» እንላለን። ይመለሳሉ።

ስድስት ሰዓት ላይ የውጭ በር ያዘዘ አንድ ደንበኛ መጣ። ወፈር ያለ ሰው ነው፤ ድምፁ ግቢውን ሞላው። ማጠፊያዎቹ ገና አልተበየዱም።

«ዛሬ አይሆንም» አሉት በያጁ።

«ለምን? መብራት አለ አይደል?»

«መብራት አለ። ፈተና አለብን።»

«የምን ፈተና? እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ?»

«እኔ ሳልሆን ልጆቹ። ውጭ አገር ያለ ሰውዬ ነው ፈታኙ፤ ነገ ይዘጋል።»

ሰውየው አጉረመረመ፣ ወጣ፣ ተመለሰ። በመጨረሻ ማየት አለብኝ ብሎ መጥቶ ታናሽ እህቴ ያቀረበችለት ዱካ ላይ ተቀመጠ። ፊደሎቹን አፍጥጦ ሲያይ ቆየና ለጓደኛዬ በሹክሹክታ «አሁን እያለፋችሁ ነው ወይስ እየወደቃችሁ?» አላት።

«መውደቅ ነው የምንፈልገው» አለችው። ያኔ ተስፋ ቆርጦ ሄደ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ያቺ ትንሽ ፕሮግራም ተራዋ ደረሰ። የጓደኛዬ ጥፍሮች ክንዴ ውስጥ ገብተው ነበር። ወደቀች። የመጨረሻው አሃዝ ስምንት።

ምን ዓይነት ጩኸት እንደጮህን ልነግርሽ አልችልም። እህቶቼ ምንም ሳይገባቸው ይዘሉ ነበር፤ እናቴ ከገበያ ሰው ሞተ የተባለ ያህል ሮጣ መጣች። በያጁ ቀለም በነካው እጃቸው እያጨበጨቡ «ወደቃችሁ? ወደቃችሁ?» ይላሉ። «ወደቅን ጋሼ!» እላቸዋለሁ። እሳቸውም «ተመስገን!» ብለው ሲያበቁ ወደ ሱቃቸው ገቡ፤ ወዲያው ያ ዝዝዝ ጀመረ፣ አምፖሉም ደከመ፣ ሁለቱም ማሽኖች ድርግም አሉ። ግድ አልነበረንም። ውጤቱን አስቀምጠነዋል።

የሰውየው መልስ በማግሥቱ መጣ፤ አጭር ናት። «ተሳስቻለሁ። ሁለት ማሽን ተመካክሮ አይዋሽም። እነዚያ ማሽኖች እንዴት እንደሚቆጥሩ ረስቼው ነበር።» አዲስ ፓች ልኮልን አርብ ሞከርነው። አርብ እለት በያጁን ለመለመን ስሄድ ቀድመው የቀለሙን ጣሳ ከፍተው አገኘኋቸው። ሰባት ወጣ።

እያንዳንዱ ፓች ሲገባ የለውጥ መዝገቡ ላይ ማን እንደሞከረው ይጻፋል። ሰውየው ስማችንን ሲጠይቀን የሦስት ሰው ስም ላክን። «ሦስተኛው ሰው ምን ሞከሩ?» ብሎ ጻፈ። ጓደኛዬ ብዙ ልታብራራ ስትጀምር ከለከልኳትና አንድ መስመር ብቻ መለስን፦ በያጅ ናቸው፣ ሁለት ቀን ሳይበይዱ ዋሉ። ሰውየው ሌላ ጥያቄ አላነሳም። ቅዳሜ መዝገቡ ሲወጣ የበያጁ ስም እስከ አያታቸው ከስማችን በታች ተጽፎ ነበር።

አሁን መተዳደሪያዬ ይኸው ሥራ ነው፤ የሰው ፓች አነባለሁ፣ «ለምን?» እላለሁ። ጓደኛዬ አግብታ ሌላ ከተማ ትኖራለች። ግቢው መንገድ ሲሰፋ ፈረሰና እኛ ወደ ዘነበወርቅ ተዛወርን፤ በያጁ ደግሞ ከልጃቸው ጋር ወደ ቡራዩ በኩል ሄዱ። ዓምና አድራሻቸውን አፈላልጌ ጠየቅኋቸው። በር ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። በድምፄ ነው የለዩኝ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሥራ ካቆሙም ቆይተዋል።

ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ስለ እህቶቼ ጠየቁኝ። ከዚያ ቆየት ብለው፣ እንደ ማፈር ብለው፣ «ያ ስሜ የተጻፈበት ነገር አለ ወይስ ተሰረዘ?» አሉኝ።

«አይሰረዝም ጋሼ፤ እስካሁን አለ» ብዬ በስልኬ ከፍቼ አቀረብኩላቸው። ስልኩን በመዳፋቸው ቀስ አድርገው ወደ እኔ መለሱት።

«አይታየኝም። አንብቢልኝ።»

ቀኑን አነበብኩላቸው፤ ፓቹ ምን እንዳስተካከለ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው፤ ከዚያ ሦስቱን ስሞች። ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸውን ወደ ጓዳው አዙረው ልጃቸውን ጠሩ።

«ነይ እስኪ» አሏት። ለእኔ ደግሞ «ለእሷም አንብቢላት» አሉኝ።

ልጃቸው እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ከመጀመሪያው ጀመርኩ።