ተራ ውኃ የጠጡት አይጦች

ታክ ሱንሬ በዴጉ ከተማ፣ ካንሰር በሚጠናበት ቤተ ሙከራ አይጦች ስትንከባከብ ጸጉሯ ሸበተ። በየመከሩ ለምርምር ለሞቱት አይጦች መታሰቢያ ሲደረግ፣ በግቢው ከተተከለላቸው ሐውልት ፊት ቆሞ የምስጋናውን ቃል ማንበብ የእሷ ድርሻ ነበር። ሌላ ማዕረግ የላትም፤ ይህቺን ግን ማንም አይነካባትም ነበር።

ዘንድሮ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር «ዳሶም ታንብብ» አሉ።

ፒዮ ዳሶም ከመጣች ዓመት ያልሞላት ተመራማሪ ናት። የምታጠናው አርጊኒን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ነው። የካንሰሩ ዕጢ ይህን ምግብ ተሻምቶ ሲጨርሰው፣ ካንሰርን የሚዋጉት የደም ሴሎች በረሃብ ይዝላሉ። ዳሶም ለግማሾቹ አይጦች አርጊኒን በውኃ አሟሙታ ሰጠች፤ ሴሎቹ በረቱ፣ ዕጢው ሟሸሸ። ለማነጻጸሪያ ተራ ውኃ የጠጡት ግን ዕጢያቸው እያበጠ አለቁ። የሁሉንም ጠርሙስ በየቀኑ የምትቀይረው ሱንሬ ነበረች። ጭብጨባው ለዳሶም ሆነ።

በዋዜማው ዳሶም ኪምባፕ፣ በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ፣ ይዛ ወደ አይጦቹ ክፍል መጣች።

«እትዬ፣ እስቲ ላንብብልዎት፤ ከሳትኩ ያርሙኝ።»

«እኔ ምን አውቄ? የተማርሽው አንቺ!»

«ኧረ በሞቴ! እርስዎ ካልሰሙኝማ ነገ ከሐውልቱ ፊት አልቆምም።»

አነበበች። አርጊኒን ጠጥተው ተስፋ ያሳዩትን አይጦች አመሰገነች። ስለ ሌሎቹ አንዲት ቃል ሳትል ወረቀቱ አለቀ።

«እንዴት ነው?»

«ምንም አይወጣለትም» አለች ሱንሬ፣ ኪምባፑን እየጎረሰች። በልቧ ግን «ነገ ታያታለሽ!» አለች። እንደዚያ የጣማት ምግብ ትዝ አይላትም።

በማግስቱ ሁሉም ነጭ አበባ ይዘው ተሰለፉ። ዳሶም ስታነብ ድምፅዋ ያምራል። ፕሮፌሰሩ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስህተቱን ማንም ልብ አላለውም፤ ይባስ ብሎ እንባውን የሚጠርግም አለ።

«ተራ ውኃ የጠጡትስ?» ብላ ጮኸች ሱንሬ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ከኋላዋ አንዱ «ቅናት አሳብዷታል» ሲል ሰማችው። አልተሳሳተም። ነገር ግን እነዚያ አይጦችም በመዳፏ ላይ ሲንቀጠቀጡ ኖረዋል።

ዳሶም ፊቷ ቀላ። «እትዬ፣ እርስዎ ይጨርሱልኝ» ብላ ቦታውን ለቀቀችላት።

ሱንሬ ከሐውልቱ ፊት ቆመች። ትናንት ስህተቱን አውቃ ዝም ማለቷ ለዳሶም እንደገባት ከልጅቱ ዓይን አየች። ተራ ውኃ የጠጡትንም ጨምራ ምስጋናውን እስከ መጨረሻው ተናገረች፤ ሲያልቅ ግን ተመልሳ ከልጅቱ ጎን መቆም አቃታት።