ጅብ ና

ገዳሪፍ ገበያ ጅብና መምረጥን ማንም አላስተማረኝም፤ ዛሬ ግን ማንም አይበልጠኝም። ጅብና ማለት ሱዳኖች በቆርቆሮ፣ በጨው ውኃ ዘፍዝፈው የሚያስቀምጡት ነጭ አይብ ነው። ከላይ ያለውን አልወስድም፤ እሱ ለዓይን የተቀመጠ ነው። ከሥር አስወጥቼ በአውራ ጣቴ ጫን አደርገዋለሁ። ጎድጉዶ ከቀረ ይቅርብኝ፤ መልሶ ከተነሣ የእኔ ነው። ከዚያ ውኃውን በጣቴ ነክሬ እቀምሳለሁ። ጨው የበዛበት ጅብና የደበቀው ነገር አለ። ከሰላ ከተማ ያሉት ጨዋማውን ይወዳሉ ይባላል፤ ይውደዱ።

በድርቁ ጊዜ እናቴ በመተማ በኩል በእግሯ ተሻግራ፣ ከድንበር ማዶ ካለችው ዶካ በጭነት መኪና መጣችልኝ። እኔ ለሰሊጥ አጨዳ የመጣውን ባሌን ተከትዬ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ክንዷን ስይዘው ሁለት ጣቴ ዞሮ ገጠመ። መጣች፣ ተረፈች ስል ምግብ እንቢ አላት። የማሽላ ገንፎ ባቀርብላት «ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል» ትላለች። በአራተኛው ቀን፣ ሳልጠይቃት፣ «ትንሽ አይብ ብቀምስ» አለች። ነጠላዬን በትክክል ሳልለብስ ወጣሁ።

ጅብና የሚሸጡት የአገሬ ሰው፣ የጎንደር እስላም ሽማግሌ ነበሩ። ሦስት ቆርቆሮ አስከፍቼ አራተኛውን ስጠይቅ፣

«አንች ልጅ፣ ጅብና ነው ወይስ ለወንድምሽ ሚስት የምትመርጭው?» አሉኝ።

«ሚስትማ ብትከፋ ትፈታለች፣ ሐጂ። ይኸ ለእናቴ ነው። እህል አልወርድ ብሏታል።»

ሳቃቸውን ተዉና ከኋላቸው የሸሸጉትን አወጡልኝ። በአውራ ጣቴ ጫን አልሁት፤ ተነሣ።

ቤት ደርሼ ከበሩ ላይ «ጅብና!» ብዬ በደስታ ጮህሁ። ሱዳን የሰነበተ አፍ ነው፤ አላሰብሁም። ያለ ደጋፊ የማትነሣው እናቴ ከአልጋው ዘላ ዱላዋን ያዘች።

«ጅብ ና? አንች ምን ዓይነት ልጅ ነሽ! መንገዱን ሙሉ ሲከተለኝ የከረመውን ቤትሽ ድረስ ትጠሪብኝ?»

«እማ፣ አይብ ነው። ስሙ ነው እንጂ።»

«እንዲህ ያለ ስም የያዘ ነገር አፌ አይገባም!» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እንደዚያ ቀን የገዛ አፌን ጠልቼው አላውቅም። እጄን ግን አምነዋለሁ። ጅብናውን በለብታ ውኃ ዘፈዘፍሁት፤ ጨው እስኪለቅ ሦስት ጊዜ ውኃ ለወጥሁለት። ቢላ አላስነካሁትም። ቢላ የነካው ጅብና እንግዳ ይመስላል፤ በጣት የተፈረፈረ ግን የቤት ነው። ጥቁር አዝሙድ በትንሹ ደቁሼ ነሰነስሁበትና፣ ሳህኑን ትቼ በመዳፌ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

ሽታው ዞር አደረጋት። ቆንጠር አድርጋ አፏ ከተተች። አላመጠች፤ ብዙ አላመጠች። እኔ የማየው ጉሮሮዋን ነው።

«አይብ አይደለም» አለች።

«አይደለም፣ እማ።»

ዋጠች። መዳፌ ላይ የቀረውን አየችና ድዷ እስኪታይ ሳቀች።

«በል ጅብ፣ ና!» አለች። «እስካሁን አንተ ልትበላኝ ነበር፤ አሁን ተራው የእኔ ነው።»

ፍርፋሪውን ከጣቶቼ መኻል ሳይቀር ለቀመችው። ከዚያ ዱላዋን አልጋው ሥር ገፋ አደረገችና፣

«ሌላ ጅብ የለሽም?» አለችኝ።