ሰባት ቤት በአንድ ሃርድ ዲስክ

ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍተው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ስሰማ ልቤ ስንጥቅ ይላል። ያን ቀን ደግሞ ባሰብኝ፤ ትዳሬ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቼ የእጮኛዬ ቤት ሄደው ነበር። አባቷ እምቢም እሺም አላሉ። «ሁላችንም የዚሁ የአቃቂ ዙሪያ ገበሬ ልጆች ነን፤ ሳናውቅ ዘመድ እንዳንሆን። እሁድ ልጁ ራሱ ይምጣና እስከ ሰባት ቤት በአፉ ይቁጠር» ብለው ቀጠሩን። አባቴ በልጅነቴ ነው የሞተው። የዘራችንን ቆጠራ የሚያውቁት የአባቴ አጎት ነበሩ፤ አባባ ነው የምንላቸው፤ እሳቸውም አምና ዐረፉ። ደግነቱ፣ ከማረፋቸው በፊት ሲቆጥሩ በስልኬ ቀድቻቸው ነበር። ስልኩን ሳሪስ ታክሲ ስሳፈር መነተፉኝ። ቅጂው የቀረው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው። አዎ፣ አንድ ቦታ ብቻ! ስደቡኝ፣ ይገባኛል።

ፋይሉን ስነካው ኮምፒውተሩ ድርቅ አለ። ገመዱ ይሆናል ብዬ ቀየርኩት፤ ያው ነው። ክዳኑን ፈታሁና ፋብሪካ እንደምናደርገው የካቻቢቴውን ጫፍ ሃርድ ዲስኩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ጠቅታው ከራሱ ከሃርድ ዲስኩ ሆድ ነው የሚመጣው። እጄን ባሳርፍበት አቃጠለኝ።

ያኔ መሬት ላይ የወደቀውን ዳንቴል አየሁት። እናቴ ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያላለበሰችው ዕቃ የለም። ለኮምፒውተሩ ደግሞ ከነጀርባው በልኩ ሠርታለት፣ ከሥር ፕላስቲክ ደርባለታለች። እኔ ፊልም እንዲያወርድልኝ ሳላጠፋው ሥራ እሄዳለሁ፤ እሷ ከኋላዬ ታለብሰዋለች።

«እማዬ! አፍነሽ ገደልሽው እኮ!»

«እኔ ልግደለው? ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ሙሽራ አልብሼ አስቀምጬው! ምነው፣ አቧራ ይብላው ነበር?»

ምን ይባላል! ኮምፒውተር የምታውቀው እጮኛዬ ናት፤ መሥሪያ ቤቷ ሥራዋ እሱ ነው። ደወልኩላት።

«አንቺ፣ ጋብቻችን ጠቅ ጠቅ እያለ ነው።»

መጀመሪያ ሳቀች። ሁሉን ስነግራት ሳቋ ቆመ። «ስማኝ፣ ደጋግመህ እንዳታበራው፤ በተነሳ ቁጥር ይበልጥ ይጎዳል። አጥፋውና በደንብ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ፊልምህንም ፎቶህንም አትንካ፤ ያን አንድ ፋይል ብቻ ፍላሽ ላይ ገልብጥ።»

«ፎርማት ባደርገውስ?»

«ፎርማት ካደረግከው እኔንም አብረህ ፎርማት አድርገኝ!»

ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ እማዬ በካርቶን ታራግብለት ጀመር፤ ጥፋቷን የምትክስ መስላ። እኔ ከበር እስከ መስኮት እመላለሳለሁ። መብራት ቢጠፋስ? እኛ ሰፈር መብራት መቼ እንደሚጠፋ ማን ያውቃል!

አበራሁት። ፋይሉ ከስንት ጊዜ በኋላ ብቅ አለ፤ ፍላሹ ላይ ጣልኩት። አሥር፣ ሠላሳ፣ ስድሳ ደረሰና ቀጥ አለ። ጠቅ። ጠቅ። «በስመአብ!» አለች እማዬ ትከሻዬን ጨምድዳ። ከዚያ ሰባ አለ። ዘጠና። መቶ! ዘለልኩ፣ ወንበሩ ተገለበጠ፣ እማዬ እልልታውን አቀለጠችው። ጎረቤታችን በአጥር በኩል «ምን ተገኘ?» ብላ ጮኸች። ሃርድ ዲስኩ አንዴ ጠቅ አለና ለዘላለሙ ዝም አለ። ፎቶው፣ ፊልሙ፣ የሦስት ዓመት ኮተቴ ሁሉ ሄደ። ይሂድ! ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የቴሌቪዥኑን ዳንቴል ገልጬ ፍላሹን ሰካሁ። የአባባ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ረጋ ብለው ከአባቴ ጀምረው እስከ ሰባተኛው ቆጠሩ። አበቃ ብዬ ላጠፋው ስል ቀጠሉ። ያን ክፍል ጨርሶ ረስቼው ነበር።

«በል፣ አሁን አንተ ቁጠርና ልስማህ።»

ከዚያ የገዛ ራሴ ድምፅ፣ እየሳቀ፦ «አባባ ደግሞ! ምን አደከመኝ፣ ኮምፒውተሩ ይዞልኛል።»

አባባም «እሺ፣ እንግዲያ እሱ ይዳርህ» አሉ።

እማዬ እየሳቀች አለቀሰች። እኔ አፈርኩ፤ እውነቴን ነው፣ ፊቴ ነደደ። ያን ቀን ሙሉ እየሰማሁ፣ እያቆምኩ፣ መልሼ እየቆጠርኩ ዋልኩ።

እሁድ ሽማግሌዎቼን ተከትዬ አባቷ ፊት ቆምኩ። ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ስም በጠራሁ ቁጥር እሳቸው አንድ ጣት ያጥፋሉ። ሰባተኛውን ስጨርስ ቀና ብለው አዩኝና «ከእኛ ጋር አይገናኝም» አሉ። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«ማን አስጠናህ?»

«አባባ» አልኳቸው፣ ኪሴ ውስጥ ያለውን ፍላሽ ጨበጥ አድርጌ።