ድምፁ ከአጥር የማያልፍ ወፍጮ

ሞተር በጆሮዬ እመረምራለሁ። ቦንጋ ውስጥ አንድ ባጃጅ በደጄ ሲያልፍ የትኛው ብሎኑ እንደላላ ብቻ ሳይሆን ሹፌሩ ቁርስ መብላት አለመብላቱንም እናገራለሁ። ባለቤቴ በበኩሏ አጠገቤ ተቀምጣ ሦስቴ ጠርታኝ እንደማልሰማት ትመሰክራለች።

ወፍጮ የመትከሉ ሐሳብ የእሷ ነው። ዘመዶቿ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ጉብታ ላይ ይኖራሉ። በቆሎ ለማስፈጨት ጭቃ እያቦኩ ቦንጋ ድረስ ይወርዳሉ፤ የተረፈውን ቀን ወረፋ ይበላዋል። እሷም ልጅ ሆና ያንን ዳገት እህል አዝላ ወጥታዋለች፣ ወርዳዋለች። የሁለት ዓመት ቡናችንን ሸጥንና ከጉብታው ሥር፣ በአባቷ መሬት ላይ፣ ወፍጮ ቤት ሠራን። የቀረው ማሽኑ ነበር። ምርጫችን ሁለት ነው፦ ከውጭ የመጣ በመብራት የሚሠራ አዲስ፣ ወይም ሺሺንዳ ያሉ አንድ ሽማግሌ የሚሸጡት በናፍጣ የሚሠራ አሮጌ። ከተሳሳትን ለሁለተኛ የሚሆን ቡና የለንም።

እሷ ልቧ ወደ አሮጌው አደላ። «የኖረ ነው፤ አመሉ ታውቋል» አለች። ስለ እኔ እንዲህ ብላ አታውቅም።

ሄጄ እንድመረምረው ላከችኝ። በዚያው ቀን ተመልሼ ሪፖርቴን አቀረብኩ፦ ፒስተኑ አልቋል፣ ቀለበቶቹ ተበልተዋል፣ ነፍሱ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች ነው። አንድ መካኒክ ቢሰማኝ ኖሮ መፍቻውን አስረክቦኝ ጡረታ ይወጣ ነበር።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ።

«በገዛ ጆሮዬ» አልኩ።

አዲሱ ተገዛ። ሰማያዊ ነው፤ ከነላስቲኩ እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ መጣ። መመሪያው የተጻፈበትን ቋንቋ ማናችንም አናውቀውም፤ እኔ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ አነበብኩለት።

ማሽኑ፣ ሐቁን ልናገር፣ ግሩም ነው። ዱቄቱ ይልማል፤ ድምፁም ከአጥራችን አያልፍም። የመጀመሪያውን ቀን በር ላይ ቆመን ዋልን። ማንም አልመጣም። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ግን ከጉብታው ላይ ሰው ተከታትሎ ሲወርድ አየንና «መጡልሽ!» አልኳት።

ሲቀርቡ አንድም ጆንያ አልያዙም። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ገብተው በግድግዳው ጥግ ተደረደሩና አንገታቸውን ደፉ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አክስቷ የባለቤቴን እጅ ጥርቅም አድርገው ያዙ።

«ማን ነው የሞተው፣ ልጄ?»

«ኧረ ማንም አልሞተ፣ እማማ!»

«ታዲያ ወፍጮው ምነው ዝም አለ? አዲስ ወፍጮ ተከፍቶ ሦስት ቀን ዝም ሲል፣ ቤቱ ሐዘን ገብቶበት ነው ብለን መጣን እንጂ።»

ያኔ ነው የገባን። የጉብታው ሰው ከታች የናፍጣ ወፍጮ ቱክ ቱክ ሳይሰማ ፈረሱን አይጭንም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ዝም ላለ ወፍጮ ማን ጭቃ ይረግጣል? መቼም ከመጡ አይቀር ተጽናኑ ብለውን፣ ቆሏችንን ቆርጥመው ሄዱ።

እኔ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። በማግስቱ ባዶ በርሜል ደጅ አውጥቼ በብረት ቀጠቀጥኩ። ሰው እየሮጠ ወረደ፤ ቃጠሎ መስሎት ውሃ ይዞ። ከዚያ ወዲያ በርሜሉንም የሚያምነው ጠፋ።

ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፋች። አዲሱን ሰጥተን፣ የሚጨመርም ካለ ጨምረን፣ አሮጌውን እንለምን ብላ ሺሺንዳ ይዛኝ ሄደች። ከሚኒባሱ ስንወርድ ቱክ ቱክ የሚል ድምፅ መንደሩን ሞልቶታል። ቆም ብላ አዳመጠችና ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ሽማግሌው ከእህሉ መካከል ወጥተው ተቀበሉን። አንድ የቢታ ገነት ሰው ሞተሩን እንደገዛቸውና ቅዳሜ መጥቶ እንደሚጭነው በትሕትና ነገሩን።

«ይሁን» አለች ባለቤቴ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ምኑ ነው ግን ያለቀው፣ አባባ?»

«የዚህ? ምኑም።» ወደ እኔ በአገጫቸው አመለከቱ። «አልነገረሽም እንዴ?»

ባለቤቴ ቀልዴን ጠበቀች። ሁልጊዜ አንድ አላጣም ነበር።

የናፍጣው ሞተር የሚነሳው በእጅ በሚዞር ብረት ነው። መጀመሪያ ልመረምረው የሄድኩ ቀን አራት ጊዜ ሞክሬ ብረቱን አንድ ዙር ማዞር አቃተኝ። ወረፋ ይዛ የነበረች ልጅ ያዘለች ሴት ዘወር በል አለችኝና በአንድ ትንፋሽ አስነሳችው። ሞተሩ ጤነኛ ነበር። በየጠዋቱ በባለቤቴ ዘመዶች ፊት እንዳላፍር ብዬ ነው አልቋል ያልኳት።